ዘበኛው ተኛ ወይስ እንቅልፍ ጣለው?

ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ አንድ ዘበኛ ነበሩ። "ነበሩ" ስላችሁ ክፉ አታስቡ፤ በሕይወት አሉ። ተባረው ነው። የውትድርና ዘመን ማዕረጋቸው ስማቸውን ውጦት ሁላችንም "አሥር አለቃ" ነበር የምንላቸው። አምሽቼ ሳልፍ ካፖርታቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አገኛቸዋለሁ።

"ገባህ ልጄ?"

"ገባሁ አሥር አለቃ፣ ደህና እደሩ።"

ዘበኛን "ደህና እደሩ" ስንል ምን እያልን እንደሆነ ያሰብኩበት ገና ሰሞኑን ነው።

የተባረሩበት ነገር አጭር ነው። ባለሱቁ ከሠርግ ሲመለስ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ "እስቲ ሱቄን ልየው" ብሎ መኪናውን ጠጋ ያደርጋል። አሥር አለቃ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ያንኮራፋሉ። ሰውየው አልቀሰቀሳቸውም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳቸው። ጠዋት ያንን ፎቶ ለጎረቤቱ ሁሉ እያዞረ፣ "እዩልኝ እንግዲህ! ደመወዝ የምከፍለው ለዚህ ነው!" ሲል እኔም እዚያው አጠገብ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። አልዋሽም፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ።

በሦስተኛው ቀን አሥር አለቃ ቀሪ ሒሳባቸውን ሊቀበሉ መጥተው አገኘኋቸው። ቡና ጋበዝኳቸው።

"ምን ሆነው ነው አሥር አለቃ?"

"ምን እሆናለሁ ልጄ፤ እንቅልፍ ጣለኝ።"

እስቲ ይቺን ንግግር ልብ በሉልኝ። "ተኛሁ" አላሉም። "እንቅልፍ ጣለኝ" ነው ያሉት። አማርኛችን እኮ ከባለሱቁ የተሻለ ያውቃል! እንቅልፍ ወሰደኝ፣ እንቅልፍ ጣለኝ፣ እንቅልፍ አሸነፈኝ፣ ሸለብ አደረገኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በእነዚህ ሁሉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እንቅልፍ ነው። ሰውየው የሚወሰድ፣ የሚጣል፣ የሚሸነፍ ነው። ይህንን የሚያህል እውቀት በአፋችን ይዘን፣ ነገሩ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ግን ቶሎ ብለን "እንቅልፋም!" እንላለን። ለራሳችን "ጣለኝ"፣ ለዘበኛው "ተኛ"።

እኔ የምለው፣ ሰው እንዴት እንደሚተኛ ሳናውቅ በመተኛቱ እንቅጣው?

ነገሩ ከተመረመረ ሰንብቷል። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመምታቱ ቀደም ብሎ፣ ቪየና ውስጥ ኮንስታንቲን ፎን ኢኮኖሞ የሚባል ሐኪም ሌላ ዓይነት ግራ የሚያጋባ በሽታ ገጠመው። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ለሳምንታት ይተኛሉ። እየበሉ ይተኛሉ፣ እያወሩ ይተኛሉ። ሌሎቹ ደግሞ በዚያው በሽታ ተይዘው እንቅልፍ ጨርሶ ይነሳቸዋል። የሞቱትን አንጎል ከፍቶ ሲያይ፣ ጉዳቱ ያለው በአንጎል ሥር በምትገኝ፣ ሃይፖታላመስ በምትባል ትንሽ ክፍልና በአካባቢዋ ነው። ከኋላ በኩል የተጎዳው እንቅልፍ በእንቅልፍ ይሆናል፤ ከፊት በኩል የተጎዳው እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ኢኮኖሞ እንዲህ ሲል አሰበ፦ ከፊት በኩል የሚያስተኛ፣ ከኋላ በኩል የሚያነቃ ነገር አለ።

በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ሰውየው ልክ መሆኑን አረጋገጡ። የሚያነቁት ሴሎች ከአንጎል ግንድና ከሃይፖታላመስ ተነስተው መላውን አንጎል እየነቀነቁ ያነቃሉ። የሚያስተኙት ከፊት ሆነው እነዚያን ዝም ያሰኛሉ። አንደኛው ወገን ሲበረታ ሌላውን ይጫነዋል። ለዚህ ነው በመንቃትና በመተኛት መካከል ብዙ የማንቆየው፤ እንደ ቤታችን መብራት ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ማብሪያ ማጥፊያው እንዲሁ እንዳይንሸራተት በ"በርቷል" ላይ ደግፎ የሚይዘው ኦሬክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ይህ ንጥረ ነገር የጎደለባቸው፣ ናርኮሌፕሲ የሚባል ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ በጨዋታ መሃል ድንገት እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ስንፍና ሆኖ አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያውን የሚይዝ ጣት የላቸውም።

ታዲያ ማብሪያ ማጥፊያውን ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ማን ነው? ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የዱቤ መዝገብ ነው። አንጎል ሲሠራ ኃይል ያቃጥላል፤ ኃይል ሲቃጠል አዴኖሲን የሚባል ነገር ይተርፋል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲኑ ይጠራቀማል፣ ሲጠራቀም የእንቅልፉን ወገን ያበረታል። የሰፈር ባለሱቅ ደብተር ማለት ነው፤ ዛሬ ዘይት፣ ነገ ስኳር እያለ ይጽፍባችኋል። የሚሰረዘው ሲተኙ ብቻ ነው። እዚህ ላይ "ቡናስ?" የሚል የፒያሳ ሰው አይጠፋም። ቶሞካ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና የሚቆላበት ሰፈር ልጅ ሆኜ ቡናን አላማም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ካፌን የሚሠራው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። ደብተሩን ከዳው እንጂ ዕዳውን አልከፈለም። ካፌኑ ሲወጣ ዕዳው እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከዓይናችን የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት በላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴሎች ያሉበት ጥንድ ጎጆ አለ። እነዚህ ሴሎች ማንም ሳይነግራቸው ቀን ይቆጥራሉ፤ በራሳቸው ከተተዉ ከ24 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች የሚያልፍ ዙር ይዞራሉ። ሰዓቱን በየዕለቱ የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነው። (በነገራችን ላይ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ከሚጀምረው ፈረንጅ ይልቅ ፀሐይ ስትወጣ "አንድ" ብለን የምንጀምረው እኛ ከአንጎላችን ጋር ተስማምተናል። በዚህስ እንኩራ።) ይህ የውስጥ ሰዓት የሰውነትን ሙቀት፣ ሆርሞኑን፣ ንቃቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሌሊት ለሚሠራ ሰው ክፉው ሰዓት ደግሞ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው። ያን ጊዜ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ አንጎል የሚያነቃውን እጁን ይሰበስባል።

ባለሱቁ ፎቶውን ያነሳው በ10 ሰዓት ነበር። አስታወሳችሁ?

አሁን ወደ አሥር አለቃ ሒሳብ እንሂድ። ቡናውን እየጠጡ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። ማታ 12 ሰዓት ይገባሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣሉ። እረፍት? "ምን እረፍት አለ ልጄ፤ ሌባ እረፍት ይወጣል እንዴ?" ሰባት ሌሊት። ቀድሞ ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ስለነበር ከሥራ ወጥተው በአሥር ደቂቃ አልጋቸው ላይ ይወድቁ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ የሚኖሩት ከከተማው ዳር ነው። ሁለት ታክሲና አንድ ረጅም ሰልፍ። ቤት የሚደርሱት ጠዋት 2 ሰዓት አልፎ ነው። ፊት ለፊታቸው የወጣችውን ፀሐይ እያዩ ነው የሚሄዱት፤ ያ ብርሃን ደግሞ ለዚያ ጥንድ ጎጆ "ነግቷል፣ ንቃ" የሚል ትእዛዝ ነው። ጋደም ሲሉ ሰዓታቸው ቀን ነው ይላቸዋል፣ ደብተራቸው ተኛ ይላቸዋል። የልጅ ልጆች ይጮኻሉ፣ ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ የላዩ ፎቅ በርበሬ ይወቅጣል። ከሰዓት 7 ላይ ዓይናቸው ይፈጣል፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ይላቸዋል። በ10 ሰዓት ደግሞ ወደ ፒያሳ ጉዞ ነው።

ቁጠሩት። ከ7 ሰዓት ጀምሮ የነቃ ሰው በሌሊቱ 10 ሰዓት 15 ሰዓት ሞልቶታል። ፈረቃው ሲያልቅ 17 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ሰዎችን ለ17 ሰዓት አስነቅተው ሲፈትኗቸው፣ የሥራ ችሎታቸው በደማቸው 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተስተካክሎ ተገኘ። ያውም ሌሊቱን በደንብ ተኝተው የተነሱ ሰዎች ናቸው፤ አሥር አለቃ የተነሱት ከአራት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ነው፣ ለዚያውም በየቀኑ። ባለሱቁ ሰክሮ የመጣ ዘበኛ በሩ ላይ አያቆምም። በየሌሊቱ ግን አስክሮ ያቆማል።

አሁን ደግሞ በሕጉ እንቁጠረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት ቢያስፈልግ በሳምንት ከ12 አይለፍ ይላል። በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቆራረጠ እረፍት ይሰጥ ይላል። 48 እና 12 ሲደመር 60 ነው። አሥር አለቃ የሚሠሩት 12 ሰዓት በሰባት ሌሊት፣ 84 ነው። ከሕጉ የመጨረሻ ጣሪያ በላይ 24 ሰዓት። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከእኚህ ሽማግሌ ላይ ተወስዷል ማለት ነው። ሌሊት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ የሚከፈለውን ነገር ጠይቄያቸው ነበር። ሳቁብኝ።

እንግዲህ ወርቅ ቤቱ በር ላይ ሌባ ተገኘ ከተባለ እኔ የማውቀው ሌባ ይሄ ነው።

"ይሁን፣ ግን ዘበኛ የተቀጠረው ላለመተኛት አይደለም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። አዎ ነው። ሱቁ ቢዘረፍ የእኔ ወዳጅነት ወርቁን አይመልስም። ግን እኮ ነገሩ በቁጣ አይፈታም ነው የምለው! ለወርቁ የብረት በር አለ፣ ከብረቱ በስተጀርባ ካዝና አለ፣ ከካዝናው በላይ ካሜራ አለ። ይህ ሁሉ ሦስት አራት እጥፍ ሲደረግ፣ ሌሊቱን የሚጠብቀው አንጎል ግን አንድ ነው። ያም አንጎል ዕዳው ከበዛ ጌታውን አያስፈቅድም። ለጥቂት ሴኮንዶች ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ዓይን እንደተከፈተ ነው የሚጠፋው። ባለቤቱ ራሱ መተኛቱን አያውቅም፤ "ኧረ አልተኛሁም!" ብሎ ይምላል። ዋሽቶ አይደለም። የታክሲ ሾፌሮቻችንን፣ ሌሊት የሚነዱትን የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ተረኛ ነርሶችን አስቡ።

ሌላው ዓለም ይህንን በውድ ዋጋ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ ኤክሰን ቫልዲዝ የሚባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ላይ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ውስጥ ደፋ። ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በካፒቴኑ መጠጥ ላይ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሲመረምር መጠጡን አልካደም፤ ነገር ግን መርከቡን ያዝ የነበረው መኮንን በድካምና በሥራ ብዛት መጎዳቱን፣ ኩባንያውም ያረፈና በቂ የሆነ የሰው ኃይል አለማቅረቡን ጻፈ። አያችሁልኝ? "ያረፈ ሠራተኛ" ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ሆኖ ተቆጠረ። እኛ ጋ ቢሆን መኮንኑን ፎቶ አንስተን እንስቅ ነበር።

ለምን እንደምንስቅ ሳስበው ነገሩ ከባለሱቁ ሰፋ ይላል። ሰፈራችን ራሱ ስሙ አራዳ ነው። አራዳ ማለት በከተማው ቋንቋ የነቃ፣ የገባው ማለት ነው። "ነቄ ነው" እንላለን ስናደንቅ። የማይገባው ደግሞ "ገና አልባነነም"፣ "ተኝቷል እኮ" ይባላል። ብልሃትን በሙሉ ለነቃው፣ ቂልነትን በሙሉ ለተኛው አከፋፍለን ጨርሰናል። ድሮ እነ ዳትሰን ሰፈርና ዶሮ ማነቂያ እያሉ ፒያሳ ሌሊቱን እንደማትተኛ የሚነገረው በኩራት ነበር። መጠጡ ያልፋል፣ ዘፈኑ ያልፋል፣ ጠጪው ጠዋት ቤቱ ገብቶ ድብን ብሎ ይተኛል። ለጠጪው በር የሚከፍቱት፣ ብርጭቆ የሚያጥቡት፣ መንገዱን የሚጠርጉት እናቶች ሲተኙ ግን ያየ የለም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ መጥቶልናል፤ "አነቃቂ ንግግር"። ስሙን ስሙልኝ! አዳራሽ ሙሉ ወጣት ሰብስበው፣ "አንተ ስትተኛ ሌላው እየሠራ ነው! እንቅልፍ የድሃ ነው!" ይላሉ። የድሃ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። እኔ የማውቀው ድሃ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ ነው። በከተማችን ስምንት ሰዓት የሚተኛው እንዲያውም የተመቸው ነው፤ ያውም መጋረጃ ጋርዶ፣ ዘበኛ አቁሞ።

ሥራም ሲመሰገን "ሌት ተቀን" ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከዚያም የኮሪደሩ ሥራ ሲፋጠን፣ አንደኛው ሙገሳ ይህ ነበር። ሥራው ያምራል፤ አካፋይ መንገዱ ላይ መብራቱ ሲበራ እኔም ደስ ይለኛል። ሌት ተቀን መሥራት በፈረቃ ሲሆን፣ ሌሊት የሠራው ቀን የሚተኛበት ቤት ቅርብ ሲሆን ሥራ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲሠራው ግን ምን ብዬ ልጥራው?

ደግሞም የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ባለወርቅ ቤቶቹ ጎን ለጎን ናቸው። አራት ሱቅ ለየብቻ አራት የደከመ ሰው ከሚያቆም፣ ተባብሮ ስድስት ሰው ቢቀጥር ሁሉም በሳምንት ሁለት ሌሊት ያርፋሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተራ በተራ ግማሽ ሰዓት ጋደም የሚሉበት ፍራሽ ይሰጣቸው። አዎ፣ ፍራሽ! ጃፓን ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርሶች በፈረቃቸው መሃል ያሸልባሉ፤ ማንም ፎቶ አያነሳቸውም። ይህንን ሐሳብ ለባለሱቁ አቅርቤለት ነበር። "ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ለዘበኛ አልጋ አንጥፍለት ልትለኝ ነው?" ብሎኝ ወደ ደንበኛው ዞረ። "እትዬ፣ ይቺ ሐብል ታምርቦታለች!"

አሥር አለቃ ቡናቸውን ጨርሰው ሲነሱ፣ አሁን ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው። አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ እየፈለጉ እንደሆነ ሰምተዋል። ሌሊት ነው።

ባለፈው ሳምንት አምሽቼ ሳይሆን አንግቼ፣ ለቅሶ ቤት አድሬ፣ በዚያው መንገድ አለፍኩ። አሥር አለቃ ይቀመጡበት በነበረው በርጩማ ላይ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ተቀምጧል። ከጉንጩ ሥር ጫት ወጥሯል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ለእንቅልፍ ነው?" አልኩት ጉንጩን እያሳየሁ።

"ታዲያ በምን ላድር ጋሼ? ችግሩ ጠዋት ነው። ያልቃምኩ ቀን ደሞ ዱካክ ይጫነኛል።"

ዱካክ የምንለውንም አንጎል እንደሚያመጣው ልነግረው ፈልጌ ነበር። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ ላይ ስንደርስ አንጎላችን ሕልሙን እንዳንሮጠው ጡንቻችንን እንደሚያስረው፣ አንዳንዴም ማሰሪያው ሳይፈታ ዓይን ቀድሞ እንደሚገለጥ፣ ደረቱ ላይ የሚቀመጠው ነገር ይኸው እንደሆነ፣ እንቅልፉ የተዛባበት ሰው ላይ እንደሚበዛ። ግን ለዚህ ሁሉ የሚሆን ጊዜ አልነበረም።

"ስንት ሌሊት ሆነህ?"

በጣቱ ቆጠረ። "የዛሬው አሥራ አንደኛ ነው።"

"እረፍትስ?"

"ባለሱቁ ይታያል ብሎኛል።" ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቀለ። "ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?"

ስልኬን አየሁ። ለ10 ሩብ ጉዳይ ነበር።